ለመዝገብ የሚቀመጥ ቪዲዮና ለምእመናን የሚላክ ቪዲዮ፡ የእመቃ ቅርጽ አመራረጥ

አለቃ ገብረ ሐናን አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በቀልድ አዋቂነታቸው ነው። ፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱት እኚህ ሊቅ በማኅሌት ቤት የሚታሰቡት ግን በአቋቋም ነው። የጣናን ማዕበል ወዲያና ወዲህ መመላለስና በዳርቻው ያለውን ሸምበቆ በነፋስ መወዛወዝ ተመልክተው አዲስ የዝማሜ ስልት እንዳወጡ፣ የጎንደር ሊቃውንት ባይቀበሉት ለልጃቸው ለተክሌ እንዳስተማሩት፣ ተክሌም በደብረ ታቦር እንዳስፋፋው ሲነገር ኖሯል። ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» የምንለው እርሱ ነው። ይህ ስልት ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በአካል ተላለፈ እንጂ በብራና አልሰፈረም። የትከሻው ዘንበል ማለት፣ የመቋሚያው አካሄድ፣ የእግሩ አጣጣል እንዴት እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት በጽሑፍ አይገኝም።

እኛ ባለንበት ዘመን ካሜራ በየኪሱ አለ። በአንበሳሜ፣ በወረታና በፎገራ ሜዳ ዙሪያ ባሉ አጥቢያዎች የንግሥ ማኅሌት ሳይቀረጽ የሚያልፍበት ጊዜ ጥቂት ነው። የተቀረጸው ግን ብዙውን ጊዜ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ይከርምና ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚቀረው ፊት የማይለይበት፣ ጸናጽሉ እንደ ዝናብ ድምፅ የሚሰማበት ብዥታ ይሆናል። ዋናው ፋይል ደግሞ «ስልኩ ሞልቶ» ተሰርዟል። ይህ ጽሑፍ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት የሚቀርጹትን በምን ዓይነት ቅርጽ ማኖር፣ በምን ዓይነት ቅርጽ ደግሞ ማጋራት እንደሚገባቸው ያስረዳል። ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩ ናቸው፤ ችግሩ የሚጀምረውም አንዱን ፋይል ለሁለቱም ልናውል ስንሞክር ነው።

እመቃ ምንድን ነው?

ቪዲዮ ተከታታይ ሥዕል ነው። በተለመደው ሙሉ ኤች.ዲ. (1920 በ1080 ነጥብ) በሰከንድ 25 ሥዕል ሳይታመቅ ቢቀመጥ አንድ ሰዓቱ ብቻ 280 ጊጋ ባይት ገደማ ይይዛል። በአንጻሩ ስልካችን ያንኑ ሰዓት በ8 ጊጋ ባይት አካባቢ ያስቀምጠዋል። ከሠላሳ አምስት እጅ አንዱን እጅ ብቻ አስቀርቶ ማለት ነው። የቀረው የት ሄደ?

የድጓን ምልክት የሚያውቅ ሰው መልሱን ለመረዳት አይቸገርም። በድጓው መስመር ላይ ከይዘት፣ ከደረት፣ ከድፋት፣ ከጭረት፣ ከቅናት፣ ከሂደት፣ ከርክርክና ከቁርጥ ሌላ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ያ ፊደል የታወቀ የዜማ ሐረግን ያመለክታል። ሐረጉን አስቀድሞ ያጠና ሰው ፊደሉን ባየ ጊዜ ሙሉውን ዜማ ያወርደዋል፤ ያላጠና ግን ከፊደሉ በቀር የሚያየው የለም። የቪዲዮ እመቃም በዚህ መንገድ ይሠራል። አንድ ሥዕል ሙሉ በሙሉ ይጻፋል፤ ከእርሱ ቀጥለው ለሚመጡት ግን «ግድግዳው እንዳለ ነው፣ መቋሚያው ይህን ያህል ወደ ቀኝ ሄዷል» የሚል አጭር ማስታወሻ ብቻ ይቀመጣል። ይህን የሚጽፈውና መልሶ የሚያነበው ሥርዓት ኮዴክ ይባላል። አንባቢው ኮዴክ በመሣሪያው ላይ ከሌለ ፋይሉ ምልክቱን ለማያውቅ ሰው እንደ ተሰጠ ድጓ ይሆናል።

እመቃው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ምንም ሳያጎድል ያምቃል፤ ሲፈታ እያንዳንዱ ነጥብ እንደ ነበረ ይመለሳል። ሁለተኛው ዓይን አያስተውለውም ብሎ የገመተውን ይጥላል፤ የተጣለውም ዳግመኛ አይገኝም። ስልኮች፣ የተለመዱ ካሜራዎች፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም የሚጠቀሙት ሁለተኛውን ነው። ከዚህ የሚከተለውን መምህራነ ጽሕፈት ከጥንት ያውቁታል፤ ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ስሕተት ይደራረብበታል። ስልኩ አንድ ጊዜ ጥሏል፤ ማስተካከያው ፕሮግራም ሁለተኛ ይጥላል፤ ቴሌግራም ሦስተኛ፤ ያንን ያወረደ ሰው በሌላ መተግበሪያ ሲልከው አራተኛ።

ኮዴኩ «አያስተውሉትም» ብሎ የሚጥለው ደግሞ ለማኅሌት የሚያስፈልገው መሆኑ ነው የሚያሳዝነው። በመድረክ ቆሞ የሚያስተምር ሰባኪ ለኮዴክ ቀላል ነው፤ ከአፉና ከእጁ በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። ማኅሌት ግን ከባዱ ነው። ብርሃኑ ደካማ የሻማና የጧፍ ብርሃን ነው፣ የዕጣን ጢስ አለ፣ ነጭ የለበሱ ብዙ ሰዎች በአንድነት ይዘማሉ፣ ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲሄድ እንቅስቃሴው ይፈጥናል፣ ወረብ ላይ ከበሮውና ጸናጽሉ ይቀልጣል። መረጃው ሲያንስ ጢሱና ጥላው ወደ አራት ማዕዘን ንጣፎች ይለወጣል፤ መቋሚያው ሲወዛወዝ ጠርዙ ይፈርሳል፤ እግሩ ከወለሉ ጋር ይቀላቀላል። በድምፁ በኩል አስቀድሞ የሚጠፋው ከፍ ያለው የጸናጽል ድምፅ ነው። የተክሌን አቋቋም ሊማር የሚፈልግ ደቀ መዝሙር ከእንዲህ ያለ ፋይል የሚማረው ነገር ትንሽ ነው።

ማኅደሩና መጽሐፉ

ብዙ ሰው «ኤም.ፒ.4 ነው» ሲል ኮዴኩን የነገረን ይመስለዋል። ኤም.ፒ.4፣ ኤም.ኬ.ቪ.፣ ኤም.ኦ.ቪ. እና ዌብኤም ማኅደር ናቸው። ከግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማኅደር ዳዊት ይሁን ስንክሳር ከውጭ እንደማይታወቅ፣ በአንድ ኤም.ፒ.4 ውስጥም ኤች.264፣ ኤች.265 ወይም ኤ.ቪ.1 ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ፋይልን ከአንዱ ማኅደር አውጥቶ በሌላው ማድረግ ይቻላል፤ መጽሐፉን እንደ ገና መጻፍ አያስፈልግም። ኤፍ.ኤፍ.ኤምፔግ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይህንን ያለ ምንም ጉድለት በጥቂት ደቂቃ ይሠራል። ሎስለስከት የሚባለውም ቪዲዮን ዳግመኛ ሳያምቅ ይቆርጣል፤ የስድስት ሰዓት ማኅሌትን በየክፍሉ ለመለየት ከዚህ የሚሻል መሣሪያ አላገኘሁም።

ከኮዴኮቹ ኤች.264 እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሲሆን ዛሬ የማያነበው ስልክ የለም ማለት ይቻላል። በ2013 የወጣው ኤች.265 ለተመሳሳይ ጥራት ግማሽ ያህል ቦታ ይበቃዋል፤ ነገር ግን የባለ መብትነት ክፍያው ስለ ተወሳሰበ በአንዳንድ ኮምፒዩተሮችና አሳሾች አይከፈትም። በ2018 የወጣው ኤ.ቪ.1 ከክፍያ ነጻ ነው፤ ከኤች.264 በእጅጉ ያነሰ ቦታም ይይዛል፤ ሆኖም ለማመቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ የቆዩ ስልኮችም ሲያጫውቱት ይንገታገታሉ። ኤፍ.ኤፍ.ቪ.1 ደግሞ ምንም ሳያጎድል የሚያምቅ፣ ለመዛግብት ሥራ የተመረጠ ኮዴክ ነው። አሠራሩ በ2021 በይፋዊ ደረጃ ታትሞ ስለ ወጣ፣ ዛሬ ያለው ፕሮግራም ቢጠፋ እንኳ ሰነዱን አንብቦ አዲስ አንባቢ መሥራት ይቻላል። ለመዝገብ የሚመረጥ ቅርጽ ትልቁ መመዘኛም ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሣ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የቤተ ክርስቲያናችን ብራናዎች ከፓትርያርክ ጽሕፈት ቤቱ ጋር በመተባበር በማይክሮፊልም ሲነሡ ከ8,000 በላይ መጻሕፍት ተቀርጸዋል፤ ቅጂዎቹም በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ተቀምጠዋል። ማይክሮፊልምን ለማንበብ ብርሃንና ማጉያ መነጽር ይበቃል። ቪዲዮ ግን አንባቢ ፕሮግራም የግድ ያስፈልገዋል። ማይክሮፊልም ነሺዎቹ ሊያስቡበት ያልተገደዱትን የቅርጽ ምርጫ እኛ ልንሸሸው የማንችለው ለዚህ ነው።

ለመዝገብ፡ እናቱን ቅጂ አትንካ

ስለ ኤፍ.ኤፍ.ቪ.1 የሰሙ አንዳንድ ወንድሞች በስልክ የተቀረጸውን ሁሉ ወደ እርሱ ይለውጣሉ። ይህ ድካም ነው። ስልኩ የጣለውን ኤፍ.ኤፍ.ቪ.1 አይመልሰውም፤ ፋይሉን ብቻ ብዙ እጥፍ ያሳብጠዋል። ካሜራው ወይም ስልኩ ራሱ የጻፈው ፋይል፣ ኤች.264 ሆነ ኤች.265፣ እናት ቅጂው እርሱ ነው። በገመድ ወይም በካርድ ማንበቢያ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ፤ ስሙ ይስተካከል፤ ከዚያ በኋላ አይነካ። በቴሌግራም ወደ ራስ ልኮ ማውረድ መገልበጥ አይባልም።

እንግዲያው የመዝገብ ጥራት የሚወሰነው ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ነው። ሊታሰብበት የሚገባው የመረጃው ፍሰት ነው፤ በሰከንድ ስንት ሜጋ ቢት እንደሚጻፍ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የሜጋ ቢቱን ቁጥር በ0.45 ብናባዛ የአንድ ሰዓቱን ጊጋ ባይት እናገኛለን። ብዙ ስልኮች ሙሉ ኤች.ዲ.ን በ17 ሜጋ ቢት አካባቢ ይጽፋሉ፤ ይህም ለስድስት ሰዓት ማኅሌት 46 ጊጋ ባይት ገደማ ነው። ለማኅሌት ግን 50 ሜጋ ቢት ብንመርጥ እወዳለሁ፤ በሰዓት 22.5 ጊጋ ባይት፣ ለስድስት ሰዓት 135 ጊጋ ባይት ይሆናል። ብዙ መስሎ ቢታይም ባለ 4 ቴራ ባይት ሃርድ ዲስክ ከ170 ሰዓት በላይ ይይዛል። ካሜራው ከፈቀደ ባለ 8 ቢቱን ትቶ ባለ 10 ቢቱን መምረጥ ይገባል። 8 ቢት ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ፣ 10 ቢት ግን 1,024 ደረጃ አለው፤ ልዩነቱ በሻማ ብርሃንና በጢስ ላይ ወዲያው ይታያል።

በሰከንድ የሚነሣው ሥዕል 25 ወይም 50 ይሁን። የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ስልኮች ተሠርተው የሚመጡበት 30 እና 60 በአንዳንድ አምፖሎች ሥር ብርሃኑን ያርገበግበዋል። አቋቋምን ለማስተማር ለሚቀረጽ 50 ይሻላል፤ የእግር አጣጣልና የመቋሚያ አመታት በዝግታ ሲታይ ይለያልና።

ድምፁን በሌላ መቅጃ መቅረጽ ከሁሉ የሚጠቅም ወጪ ይመስለኛል። ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር የሚመክረው ዝቅተኛ መጠን 48 ኪሎ ኸርዝ በ24 ቢት ነው። ይህ በዌቭ ቅርጽ በሁለት መስመር በሰዓት 1 ጊጋ ባይት ብቻ ይፈጃል፤ በፍላክ ደግሞ ምንም ሳይጎድል ከዚያ ያንሳል። ስልክ ለንግግር ተብሎ የተሠራ ድምፅ ማጥሪያ አለው። የሚቻል ከሆነ ይጥፋ፤ ረጅሙን የዜማ ድምፅ እንደ ሁከት ቈጥሮ ዝቅ ያደርገዋልና።

ስለ ብራና አንድ ቃል። አንዳንድ ጊዜ መምህሩ ድጓውን ዘርግቶ በጣቱ ምልክቱን እያሳየ ሲያስተምር ይቀረጻል። መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን የተለመደው ቪዲዮ የቀለምን መረጃ በወርድም በቁመትም በግማሽ ያሳንሳል። ጥቁሩ ፊደል ጥርት ብሎ ሲታይ ቀዩ ጽሕፈትና ቀዩ ደቂቅ ምልክት የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ገጹ በፎቶግራፍ ለብቻው ይነሣና ከቪዲዮው ጋር ይቀመጥ።

የቆዩ ካሴቶች

በየቤቱና በየደብሩ ዕቃ ቤት የተቀመጡት የቪ.ኤች.ኤስ. ካሴቶች ጊዜ አይሰጡም። የመጨረሻው አምራች የማጫወቻውን ምርት እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሟል። በጣና ዳርና በፎገራ ሜዳ የክረምቱ እርጥበት በካሴቱ ላይ ሻጋታ ያበቅላል፤ የሻገተ ካሴት ሳይጸዳ ከተጫወተ ደግሞ ማጫወቻውን ራሱን ያበላሻል። ኤፍ.ኤፍ.ቪ.1 ቦታው እዚህ ነው። ከካሴት ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ምልክቱ ገና ያልታመቀ ስለሆነ፣ በ10 ቢት ኤፍ.ኤፍ.ቪ.1፣ በኤም.ኬ.ቪ. ማኅደር ቢቀመጥ ምንም አይጠፋም። ሚኒ ዲ.ቪ. ካሴት ግን አስቀድሞ በዲጂታል የተጻፈ ነው። በፋየርዋየር ገመድ እንዳለ ይገልበጥ፤ በሰዓት 13 ጊጋ ባይት ገደማ ነው። የቪ.ሲ.ዲ. እና የዲ.ቪ.ዲ. ስብከቶችና መዝሙሮችም ዳግመኛ ሳይታመቁ እንዳሉ ይቀዱ። የቪ.ሲ.ዲ.ው ሥዕል 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነው፤ ያነሰውን የበለጠ ማሳነስ አይገባም።

ከካሴት የሚወጣው ሥዕል እያንዳንዱ ፍሬም በሁለት የተከፈለ፣ በሰከንድ 50 ግማሽ ሥዕል ነው። ለመዝገብ እንዳለ ይቀመጥ። ለስርጭት ሲሆን ወደ 50 ሙሉ ሥዕል ይለወጥ። ወደ 25 ከተለወጠ የእንቅስቃሴው እኩሌታ ይጠፋል፤ በዝማሜ ላይ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ለምእመናን የሚላከው

ለስርጭት መመዘኛው ይገለበጣል። እዚህ ላይ የሚፈለገው በአንበሳሜ ገበያ ያለ እናት ስልክም ሆነ በዋሽንግተን ያለ ወንድም ኮምፒዩተር ያለ ችግር እንዲከፍተው፣ የኢንተርኔት ካርዱንም እንዳይጨርስ ነው። ስለዚህ ኤች.264 ከኤ.ኤ.ሲ. ድምፅ ጋር፣ በኤም.ፒ.4 ማኅደር። አዲሱ ሁልጊዜ ይሻላል የሚለው ሐሳብ እዚህ አይሠራም።

ሃንድብሬክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ለዚህ ይበቃል። በውስጡ ጥራትን የሚወስን ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ጥራቱም መጠኑም ይጨምራል። ለስብከት 24 ወይም 25፣ ለማኅሌት 20 አካባቢ ይስማማል። እኔ የምመርጠው መንገድ ግን ቁጥር ከመሸምደድ ይልቅ መፈተን ነው። ከማኅሌቱ እጅግ አስቸጋሪ የሆነውን ሁለት ደቂቃ፣ ወረቡ የደመቀበትን ቦታ፣ ቆርጦ በ18፣ በ20፣ በ23 እና በ26 ማመቅ። ከዚያም በትንሽ ስልክ ላይ እግሩንና ጢሱን ማየት፣ በጆሮ ማዳመጫ ጸናጽሉን መስማት። መበላሸቱ ከሚታይበት ቁጥር በፊት ያለው ይበቃል። ያ ቁጥር ለዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ ለዚያ መብራት፣ ለዚያ ካሜራ ሁልጊዜ ያገለግላል።

የሥዕሉ ስፋት 1280 በ720 ቢሆን በስልክ ለማየት በቂ ነው። ስብከት በ1 ሜጋ ቢት ሲላክ አንድ ሰዓቱ 450 ሜጋ ባይት ነው፤ ይህም ቢሆን ለብዙው ሰው ውድ ነው። ሥዕሉ ምንም ላልጨመረለት ትምህርት ድምፁን ብቻ መላክ ይሻላል፤ በ64 ኪሎ ቢት አንድ ሰዓት ከ29 ሜጋ ባይት አይበልጥም። ጸናጽልና ከበሮ ያለበት ድምፅ ግን ከ128 በታች አይውረድ።

በቴሌግራም ስንልክ እንደ ቪዲዮ ከላክነው መተግበሪያው ዳግመኛ ያምቀዋል፤ «ፋይል» ብለን ከላክነው እንዳለ ይደርሳል፤ እስከ 2 ጊጋ ባይትም ይቀበላል። ወደ ዩቲዩብ የሚጫነው ደግሞ ትንሹ ሳይሆን ጥሩው ይሁን። ዩቲዩብ የገባለትን ሁሉ እንደ ገና አምቆ በየመጠኑ ያዘጋጃል፤ ለሙሉ ኤች.ዲ. የሚመክረውም በ25 እና በ30 ሥዕል 8 ሜጋ ቢት፣ በ50 እና በ60 ሥዕል 12 ሜጋ ቢት ነው። መልሰን ስናወርደው የምናገኘው እርሱ ያመቀውን ነው። «ዩቲዩብ ላይ አለ» ብሎ እናቱን ፋይል መሰረዝ ድጓውን አቃጥሎ በቃል የሚያስታውሱትን መዘርዘር ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየ ጊዜ እንደ ታየው፣ በሩቅ ያለ ፋይል በሚፈለግበት ቀን ላይገኝ ይችላል።

አቀማመጥ

ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ ከሌላው ርቆ። አንዱ በአጥቢያው፣ አንዱ በደብረ ታቦር ወይም በባሕር ዳር፣ አንዱ በአዲስ አበባ ቢሆን መልካም ነው። ርብና ጉማራ ሜዳውን የሚያጥለቀልቁበት ክረምት ለዚህ ሀገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ገና አልተረሳም። ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ለማመላለሻ እንጂ ለማኖሪያ አይሆኑም፤ ለረጅም ጊዜ ኤሌክትሪክ ካላገኙ የያዙትን ይለቃሉ። ሃርድ ዲስክም በየዓመቱ ተከፍቶ ይታይ፤ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ወደ አዲስ ይገልበጥ።

የተገለበጠው ከእናቱ ጋር አንድ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማኅተም አለ። ሻ-256 የሚባለው ስሌት ፋይሉን አንብቦ 64 ሆሄ ያወጣል፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ማኅተሙ ፈጽሞ ይለወጣል። ማኅተሙ በጽሑፍ ፋይል ተመዝግቦ ከቪዲዮው ጋር ይቀመጥና በየዓመቱ ይመሳከር።

የፋይሉ ስም በዓመት፣ በወርና በቀን ይጀምር፤ የበዓሉና የቤተ ክርስቲያኑ ስም ይከተል። ለምሳሌ የ2016 ዓ.ም. ጥምቀት «2016-05-11» ብሎ ይጀምራል። ካሜራው ግን ያንኑ ቀን ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ብሎ በውስጡ ጽፏል፤ የኋላ ሰው እንዳይሳሳት ሁለቱም በማስታወሻው ላይ ይስፈሩ። በማስታወሻው የመሪጌታው ስም፣ ያስተማራቸው መምህር፣ ዜማው የቤተልሔም፣ የቆማ ወይም የአጫብር መሆኑ፣ አቋቋሙም የጎንደር ወይም የተክሌ መሆኑ ይጻፍ። የደብሩ አስተዳዳሪ ለመቅረጽና ለማሰራጨት የሰጡት ፈቃድም በዚያው ይመዝገብ፤ ለመዝገብ የተፈቀደ ሁሉ ለስርጭት የተፈቀደ አይደለምና። ይህ ማስታወሻ ካህናቱ በሕይወት ሳሉ መሞላት አለበት፤ ከቪዲዮው ላይ ፊትን አይቶ ስምን የሚናገር ሰው ሁልጊዜ አይገኝም።